ዳር ዳሩ ይታያል

ኮተቴ የሚለውን ስም ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት። ገና ተማሪ ሳለ የተጣለ ገመድ፣ የተሰነጠቀ ሶኬት፣ ጫፉ የተበላ ቻርጀር እያነሳ አልጋው ሥር ሲያከማች አይታ፣ «ይኸ ልጅ ሲያድግ ሚስት ሳይሆን ኮተት ነው የሚያገባ» አለች። ትንቢቷ ከሞላ ጎደል ደርሷል። ኮተቱ አድጎ አንድ ሙሉ ቦርሳ ሆኗል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮተቴ ያን ቦርሳ በአንድ ትከሻው፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ስክሪን በሌላው ተሸክሞ፣ የግቢውን በር በጉልበቱ ገፍቶ ገባ።

ጆሮው ገና ይግላል። ሥራው ውሃ መሥሪያ ቤት ውስጥ የስልክ አቤቱታ መቀበል ነው። አንዱ ውሃ ጠፋብኝ ይላል፣ አንዱ ቧንቧ ፈንድቶ ሳሎኔ ገባ ይላል፣ ሌላው ደግሞ ችግሩን ሳይናገር አለቃህን አቅርብልኝ ይላል። እሱም ለሁሉም በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ «ተመዝግቧል፣ እናመሰግናለን» ሲል ይውላል። ቤቱ ሲደርስ የሚያምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም ምንም እንዳይጠይቀው።

«መጣህ ልጄ?» አሉ አባቱ ከውስጥ።

«መጣሁ አባዬ።»

«ከባድ ነገር ተሸክመሃል። አረማመድህ ያስታውቃል።»

አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሕንፃ ፕላን ነዳፊ ነበሩ። በእርሳስና በማስመሪያ ጀምረው፣ ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ ኮምፒውተር የተማሩ ሰው ናቸው። የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ «እሳቸው ባሰመሩት መስመር ላይ ባቡር ይሄዳል» ይሏቸው ነበር። ጡረታ ሲወጡ፣ ድሮ በእጃቸው ሥር የሠለጠነ አንድ መሐንዲስ አልረሳቸውም፤ አልፎ አልፎ ትንንሽ ሥራ ይልክላቸዋል። ይህ ሥራ እናት ከሞቱ ወዲህ የቤቱ ምሰሶ ነው ማለት ይቻላል። ሥራ ሲኖር አባት ጠዋት ይላጫሉ፤ የተተኮሰ ሸሚዝ ይለብሳሉ፤ መሥሪያ ቤት እንደሚሄድ ሰው ጫማቸውን አስረው ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎኑ ጠረጴዛ ይሄዳሉ። ሥራ ሳይኖር ግን ፒጃማቸውን እንደለበሱ ይውላሉ፤ ምሳም ካልተለመኑ አይበሉም።

አሁን በእጃቸው ያለው የአንድ ጤና ጣቢያ የፎቅ መውጫ ደረጃ ንድፍ ነው። መሐንዲሱ ፕላኑን ከነላፕቶፑ ነበር የላከላቸው። ላፕቶፑ አዲስ ነው፤ ቀጭን ነው፤ በጎኑ ያሉት ቀዳዳዎች ሁለት ሞላላ ጉድጓዶች ብቻ ናቸው። ሥራው ባለፈው ሳምንት ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። መሐንዲሱ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ ሰኞ ጠዋት ራሴ መጥቼ አየዋለሁ» አለ። አነጋገሩ ትሁት ነበር፤ ግን መጥቼ አየዋለሁ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አባትም ልጅም አላጡትም። ሰኞ ደረጃው ካላማረ ሌላ ሥራ አይመጣም።

ኮተቴ ነገሩን የተረዳው በራሱ መንገድ ነው። የአባቱ ዓይን ደክሟል፤ የላፕቶፑ መስታወት ጠባብ ነው፤ ስለዚህ መፍትሔው ሰፊ ስክሪን ነው። መጀመሪያ የራሱን አሮጌ ስክሪን አገናኘላቸው። «ይታይዎታል አባዬ?» «ይታያል፣ ተባረክ።» ሥራው ግን ፈቀቅ አላለም። እንግዲያው ገና ጠቧል ማለት ነው ብሎ፣ ከአንድ ጓደኛው ሰፋ ያለ ተዋሰ። «አሁንስ?» «አሁንማ ምን ጠየቅህ!» ሥራው አሁንም ፈቀቅ አላለም። ዛሬ የመጨረሻውን አመጣ። መሥሪያ ቤቱ እንግዳ መቀበያ አዳራሽ ውስጥ ተራ ቁጥር ይጠራበት የነበረ ትልቅ ስክሪን ነው። ብዙ ዓመት አንድ ነገር ሲያሳይ ስለኖረ፣ የተራ ቁጥሩ ሳጥን ጥላ በጥግ በኩል ታትሞበት ቀርቷል። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ «ውሰደው፣ እዚህም ቦታ ነው ያጣበበው» አለው።

ስክሪኑን ጠረጴዛው ላይ፣ ልክ ከአባቱ ፊት ለፊት አቆመው። ዞሮ ጀርባውን ሲያይ ወገቡ ተቆረጠ። ያለው መሰኪያ አንድ ብቻ ነው፤ ያ ድሮ የቀረው፣ ግራና ቀኙን በብሎን የሚያጠብቁት ሰማያዊ ቪጂኤ።

ቦርሳውን ምንጣፉ ላይ ዘረገፈው። ከላፕቶፑ ሞላላ ቀዳዳ ወደ አዲሶቹ ስክሪኖች መሰኪያ፣ ወደ ኤችዲኤምአይ፣ የሚያወጣ ገመድ አለ። ኤችዲኤምአይንና ቪጂኤን የሚያጋባ ትንሽ ጥቁር አዳፕተርም አለ። ሁለቱን ቀጣጠላቸው፤ ልክክ ብለው ገቡ። ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ነቀለ፣ ሰካ፣ እፍ አለበት። ጨለማ።

«ትንሽ ቆይቼ መጣሁ አባዬ።»

«አሁን ነው እኮ የገባኸው። ውሃ እንኳ አልጠጣህም።»

«ሱቁ ሳይዘጋ ብዬ ነው።»

ባለሱቁ በገመድ ጫካ መሃል ተቀምጦ የሰው ስልክ ይፈታል። ኮተቴን ሲያይ ቀና አላለም፤ ደንበኛው ነው።

«አለቃ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ጠፋ?»

«ምስል ጠፋ። ከአዲስ ላፕቶፕ ወደ አሮጌ ስክሪን አልሄድ አለኝ።»

ባለሱቁ አዳፕተሩን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ አገላበጠው። «ይኸ እኮ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ ነው። የአንተ ጉዳይ ደግሞ በተቃራኒው ነው።»

«ልክክ ብሎ ገባ እኮ።»

«መግባቱንማ ይገባል። ሥራህ ምን ነበር?»

«ውሃ መሥሪያ ቤት።»

«እንግዲያው አንተ ነህ ለእኔ የምታስረዳኝ። ውሃ ሽቅብ አይወጣም።»

«ፓምፕ ካለው ይወጣል።»

ባለሱቁ ሳቀና ከኋላው ካለው ሳጥን አንድ ነጭ አዳፕተር መዘዘ። «እንካ ፓምፕህን። ከታይፕ ሲ፣ ከሞላላዋ ቀዳዳ፣ በቀጥታ ወደ ቪጂኤ። ደግሞ አደራ፣ የላፕቶፕ ቀዳዳ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ቻርጅ መቀበል እንጂ ምስል መስጠት አያውቅም። መልኩ መንታ ነው፣ ጠባዩ ለየቅል።»

ኮተቴ ይህን የመጨረሻውን ምክር በግማሽ ጆሮ ሰማው። በግማሹ ውሃ ጠፋ የሚሉ ሰዎች ይጮኹ ነበር።

ሲመለስ አባቱ እንደተዋቸው፣ ከጥቁሩ ስክሪን ፊት ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አሮጌው ቁልፍ ሰሌዳቸው በቀኝ ነው፤ አይጡ አጠገቡ፤ ሁሉም በቦታው። ኮተቴ ነጩን አዳፕተር ላፕቶፑ ላይ ሰካ፣ የስክሪኑን ኃይል አበራ፣ ከዚያ ከስክሪኑ ጀርባ አጎንብሶ ሰማያዊውን መሰኪያ ማጥበቅ ጀመረ። ብሎኖቹ ዝገዋል፤ ጣቱን ያማል።

«አሁንስ አባዬ?» አለ ከዚያው ከጀርባ፣ በለመደው ድምፅ።

«መጣ!» አሉ አባቱ። «ይታያል። ተባረክ ልጄ፣ አሁንማ ብርሃን ነው።»

ኮተቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ዛሬ ጋደም እላለሁ ብሎ አሰበ። ወገቡን ይዞ ቀና አለ፤ ዞሮም ከአባቱ ጎን ቆመ።

ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ጥቁር ሜዳ ነው፤ በሜዳው ላይ «ሲግናል የለም» የሚል ትንሽ ሰማያዊ ሳጥን፣ መንገድ እንደጠፋው ሰው ከጥግ ወደ ጥግ ይንሸራተታል።

«ምን ይታይዎታል አባዬ?»

«ደረጃው ነዋ! ጥርት ብሎ።»

አባቱ ይህን ሲሉ ፊታቸው ወደ ስክሪኑ ነው፤ ፈገግታቸውም እውነተኛ ፈገግታ ነው። በእንግድነት ሄደህ የሰጡህን ምግብ ሳይጥምህ ጣፈጠኝ እንደምትል ዓይነት። ኮተቴ ስልኩን ይዞ ወደ ግቢ ወጣና እህቱ ጋ ደወለ።

«እሺ ኮተቴ፣ ተሳካ?» አለች እህቱ።

«አባዬ አያዩም።»

«ዓይናቸው ደከመ በል እንጂ፣ አያዩም ምን ማለት ነው?»

«ባዶ ስክሪን አይተው ደረጃው ጥርት ብሎ ይታያል አሉኝ።»

ከወዲያ በኩል የልጆቿ ጫጫታ ብቻ ይሰማል።

«ባለፈው ስመጣ» አለች በመጨረሻ፣ «ትንሿን ልጄን በታላቋ ስም ጠሯት። ፊት ለፊታቸው ቆማ። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህስ ምን ልታደርግ? ሌላ አዳፕተር ልትገዛ?»

ሳይፈልግ ሳቀ። «ሁለት ጊዜ ስክሪን አመላለስኩ እኮ» አለ። «ሁለቱንም ጊዜ ይታያል ነው ያሉኝ።»

«ታዲያ ምን ይበሉህ? ያንን ሁሉ ተሸክመህ እያለከለክህ ስትገባ?» ድምጿ ለሰለሰ። «ግባና ንገራቸው። ደግሞ አንተ ሲደክምህ ትኮሳተራለህ። ሳትኮሳተር ንገራቸው።»

ገባ። ወንበር ስቦ ከአባቱ ጎን ተቀመጠ። ሰማያዊው ሳጥን አሁንም ይንከራተታል።

«አባዬ፣ ስክሪኑ ባዶ ነው። ምስሉ ገና አልመጣም።»

የአባቱ ፈገግታ ቶሎ አልጠፋም፤ ቀስ እያለ፣ እንደሚደርቅ ውሃ ከዳር ጀምሮ ሸሸ። እጃቸው ወደ ቁልፍ ሰሌዳው ሄዶ ተመለሰ።

«ሰማያዊ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ» አሉ። «መጣ ብዬ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«መሃሉ ነው የጠፋው። አይጥ እንደበላው ብራና ነው። ዳር ዳሩ አለ። አንተን ቀጥ ብዬ ሳይህ ፊትህ የለም፤ ጆሮህ ግን አለ።» ትንሽ ሳቅ አሉ። «ቀይ ነው ጆሮህ።»

«የዓይን ሐኪሙ ጠብታ ሰጠኝ አላሉኝም እንዴ?»

«ጠብታ ሰጥቶኛል። የሄደው እንደማይመለስም ነግሮኛል። እሱን አልነገርኩህም።»

«እኮ ለምን?»

«ከዚያ ስልክ ላይ ተነስተህ ትመጣለህ፤ ሳትቀመጥ ገመድ ትዘረጋለህ። ይታያል ወይ ትለኛለህ። አይታይም ልበልህ? አይታይም ብልህ ደግሞ ሌላ ፍለጋ ልትሄድ ነው።»

«ይታያል ስላሉኝም ሌላ ፍለጋ ሄጃለሁ።»

«እሱስ እውነትህን ነው» አሉ አባቱ።

ኮተቴ ንዴት ሲፈልግ ድካም ብቻ አገኘ። እሱም ቢሆን አንድ ቀን እንኳ ጣቱን ቀስሮ፣ ይኸ ቁጥር ስንት ይላል ብሎ አልጠየቃቸውም። እንዲህ ብሎ አባትን መፈተን ነውር መስሎት ነበር። አባት ለልጃቸው ድካም ሲሉ፣ ልጅ ለአባቱ ክብር ሲል፣ አንድ ባዶ ስክሪን ለሁለት ሲያሞግሱ ከረሙ።

እጁ ሥራ መፍታት ስለማይወድ፣ የባለሱቁን ምክር አስታውሶ አዳፕተሩን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅሎ በመንታው ሰካው። ስክሪኑ ብልጭ አለ፤ ነጭ ሆነ፤ ደረጃው መጣ። አሁን ግን ለማን? ትልቁን ስክሪን ከአባቱ ፊት አንስቶ፣ በግራ በኩል ባለችው የእናቱ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ሊያስቀምጠው ዞረ። ገመዱ ረጅም ነበርና ምስሉ አልጠፋም።

«ቆይ!» አሉ አባቱ። «አታንቀሳቅሰው።»

ኮተቴ ስክሪኑን እንዳቀፈ ቆመ። አባቱ ወደ እሱ አልዞሩም። ፊት ለፊታቸው ያለውን ግድግዳ፣ ድሮ የቀን መቁጠሪያ ይሰቀልበት የነበረውን ምስማር እያዩ ነበር።

«ደረጃው ወደ ቀኝ ይወጣል» አሉ። «መሃል ላይ ማረፊያ አለው። ከማረፊያው በላይ ያለው መደገፊያ ገና አልተሰመረም።»

ትክክል ነበር። ስክሪኑን ስፌት መኪናዋ ላይ አደላድሎ አስቀመጠው፤ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ፣ አባቱ «እዚያ ላይ» እስኪሉ ድረስ። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ገብቶ ሁለቱ ስክሪኖች አንድ ነገር እንዳያሳዩ ለያያቸው። ትልቁ ላይ የደረጃው መስመር ብቻ፣ ወፍሮና ጠቁሮ፤ ትንሹ ላይ ቁጥሮቹ። እነዚያን ሳምንታት ሁሉ ስክሪን ሲያሰፋ፣ ያሰፋው የአባቱ ዓይን የሞተበትን ቦታ እንደነበር አሁን ገባው። ጎን ያስቀመጠው አንድ ቀን የለም። ለትልቅ ሰው የሚቀርብ ነገር ፊት ለፊት ነው የሚቀርብ።

«ቁጥሩ ግን አይታይም» አሉ አባቱ። «መስመሩን አየዋለሁ፣ ቁጥሩ ጭስ ነው። እስካሁን በጣቴ እየዳሰስኩ ነው የጻፍኩት።»

«እኔ ላንብብልዎት?»

«ድሮ በንድፍ ክፍላችን» አሉ አባቱ ቀስ ብለው፣ «ማንም ፕላን ሳይነበብ አይወጣም ነበር። አንዱ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ የነደፈው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። መጨፈን ግዴታ ነው። አለቃችን፣ ዓይን የራሱን ስህተት ይምራል፣ ጆሮ አይምርም ይል ነበር። ያ የአሁኑ መሐንዲስ ልጅ እያለ የእኔ አንባቢ ነበር። ያነባል፣ ያዛጋል፣ ያነባል።»

«እኔም አዛጋለሁ።»

«አዛጋ። ቁጥር ብቻ አትዝለል።»

አባቱ ወንበራቸው ላይ ተደገፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኮተቴ ማንበብ ጀመረ። የእያንዳንዱ ደረጃ ከፍታ በሴንቲሜትር፣ ከታች ወደ ላይ። «አሥራ ስድስት። አሥራ ስድስት። አሥራ ስድስት።» ድምፁ ሳይታወቀው የሥራ ቦታ ድምፁ ሆነ፤ ያው ተመዝግቧል፣ እናመሰግናለን የሚለው። «አሥራ ስድስት። አሥራ ዘጠኝ። አሥራ ስድስት።»

«ተመለስ።»

«አሥራ ስድስት። አሥራ ዘጠኝ።»

አባቱ ዓይናቸውን ገለጡ። ቀኝ እጃቸውን ቁልፍ ሰሌዳው ላይ አሳረፉ፤ የስድስትን ቁልፍ በመሃል ጣታቸው ፈለጉ፤ ጣቷ ትንሽ ወደ ላይ ስትንሸራተት ዘጠኝ ላይ ወጣች። አወረዷት። እንደገና ወጣች።

«ሰው ይወድቅበት ነበር» አሉ። «በሽተኛ ሰው። እግር ደረጃ ሲለምድ አያይም፤ አሥራ ስድስትን ለምዶ ሲወጣ አሥራ ዘጠኝ ቢመጣበት በግንባሩ ነው የሚደፋ።»

«አሁን እኮ አገኘነው አባዬ።»

«አገኘነው» አሉ። ግን ድምፃቸው አገኘነው አይልም ነበር።

ያን ቀንና እሑድን ሲሠሩ ዋሉ። አባት ግድግዳው ላይ ያለውን ምስማር እያዩ መስመሩን በዓይናቸው ዳር ይመራሉ፤ ኮተቴ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ያነባል፤ ያዛጋል። አንዴ ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። አባቱ አልቀሰቀሱትም። ሲነቃ እዚያው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የሚቀጥለውን ቁጥር እየጠበቁ አገኛቸው። ማምሻውን ደረጃው አለቀ። ያማረ ደረጃ ነበር።

«ለመሐንዲሱ እንዴት ነው የሚነግሩት?» ብሎ ጠየቀ ኮተቴ። በልቡ፣ ምንም ባይሉትስ የሚል ሐሳብ ነበረው። ሥራው አልቋል፤ ስህተቱ ታርሟል። ማን ያውቃል?

አባቱ ልቡን የሰሙ ይመስል፣ «የሚቀጥለውን አንተ ሥራ ላይ ሆነህ ብሠራውስ?» አሉ።

ሰኞ ጠዋት አባት ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን ለብሰው ጠበቁ። ኮተቴም ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ቀርቷል። መሐንዲሱ ገና ከበሩ ጎንበስ ብሎ ጨበጣቸው። ጠረጴዛው ላይ ስክሪን ሳይሆን ባዶ ቦታ፣ ስክሪኑ ደግሞ ስፌት መኪና ላይ ሲያይ ግራ ተጋባ።

«ጋሼ፣ ይኸ ምን ዓይነት አቀማመጥ ነው?»

«የእኔ ዓይን አቀማመጥ ነው» አሉ አባት። ከዚያ ሁሉንም ነገሩት፤ መሃሉን፣ ዳሩን፣ አሥራ ዘጠኟን ሳይቀር። ሲናገሩ ወደ ምስማሩ ያዩ ነበርና፣ መሐንዲሱ በዓይናቸው ዳር እየታየ እንደሆነ አላወቀም፤ መሀረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገ።

«ቁጥሩን ማን አነበበልዎት?» አለ ቆይቶ።

«ይኸ ነው። ካንተ የባሰ ያዛጋል።»

መሐንዲሱ መሳቅ ሞከረ። ፕላኑን ላፕቶፑ ላይ ሆኖ ከላይ እስከ ታች ተመለከተው፤ ገልብጦም ወሰደው። «ንጹሕ ነው» አለ። «ግን ጋሼ...»

«አውቃለሁ። እንዳትናደድብኝ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ። ከእንግዲህ መንደፉን ቢሮህ ላሉት ልጆች ስጥ። ላፕቶፑንም ውሰድ።»

መሐንዲሱ ላፕቶፑን አላነሳም። ቢሮው ውስጥ ያሉት ወጣቶች ፈጣኖች እንደሆኑ፣ ግን ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማ አንድም ሰው እንደሌለ ተናገረ። እያለቁ ሲመጡ ፕላኖቹን ልላክልዎት፣ ይስሙልኝ አለ። ቃል አልሰጠም፤ «እስኪ እንሞክረው» ነው ያለው። አባትም «እስኪ» አሉ። ኮተቴ ከጥግ ቆሞ፣ ሰሚ ካለ አንባቢ እንደሚያስፈልግ፣ አንባቢውም ማን እንደሆነ አሰበ። ቀን ቀን አቤቱታ ሰምቶ፣ ማታ ማታ ሊያነብ ነው። እግሩን ወንበር ላይ መስቀል አማረው።

መሐንዲሱ ተሰናብቶ ሲወጣ ኮተቴ እስከ በር ሸኘው። ሲመለስ አባቱ የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈተዋል።

«ሲወጣ ፊቱ እንዴት ነበር?» አሉ።

እንዲህ ብለው ጠይቀውት አያውቁም። ኮተቴ አፉ ላይ የመጣው፣ ደስ ብሎታል የሚል ነበር፤ ቀላል፣ የተለመደ፣ ከተመዝግቧል ጋር የሚሄድ። አባቱ ዓይናቸውን ጨፍነው እየጠበቁ ነው።

«አዝኗል አባዬ» አለ። «በሩ ላይ የኛን ደረጃ ሲወርድ፣ አንድ በአንድ፣ እያየ ነው የወረደ።»

አባቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልክ ነው እንደሚባል ቁጥር።

«ቀጥል» አሉ።